ሎተሪውን ከካሹ ጋር ማስታረቅ

አሜሪካ በገባሁ በሦስተኛው ወር አንድ ነዳጅ ማደያ ስቶር ውስጥ የሌሊት ሺፍት ያዝኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12። ሲቀጥሩኝ ስለ ሲጋራና ቢራ፣ መታወቂያ ስለማየት፣ ወለል ስለመወልወል ብዙ አስረዱኝ። ስለ ሎተሪ ግን የተነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «እሱ ቀላል ነው፣ ስትወጣ ቁጥሩን ትጽፋለህ።»

ያ ቀላል የተባለው ነገር በመጀመሪያው ሳምንት 192 ዶላር አስጎደለኝ።

ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ። ከካውንተሩ ጀርባ 24 ሳጥን ተደርድሯል፣ ፊቱ ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቡክ ስክራች አለ፤ ሀገር ቤት ፈጣን ሎተሪ የምንለው፣ በሳንቲም የሚፋቀው። ቲኬቶቹ ተያይዘው የተጣጠፉ ናቸው፣ ከጫፍ ከጫፍ እየተቀደዱ ይሸጣሉ። እያንዳንዱ ላይ የጨዋታው ቁጥር፣ የቡኩ ቁጥርና የራሱ ተራ ቁጥር ታትሟል። ተራ ቁጥሩ የሚጀምረው ከ000 ስለሆነ ባለ 30 ቲኬት ቡክ የሚያልቀው 029 ላይ ነው። (030ን ስፈልግ ግማሽ ሌሊት የፈጀሁበት ቀን አለ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ።)

ሺፍት ስትረከብ ከየሳጥኑ ብቅ ያለውን ቁጥር ትጽፋለህ፤ መክፈቻ ይባላል። ስትወጣ እንደገና ትጽፋለህ፤ እሱ መዝጊያ ነው። 017 ላይ ተረክበህ 023 ላይ ካስረከብክ 6 ቲኬት ሸጠሃል፣ አለቀ። እኔን ያስረከበኝ ልጅ ግን የሚጽፈው ብቅ ያለውን ሳይሆን መጨረሻ ቀዶ የሸጠውን ነበር። ሳጥኑ ላይ 017 እየታየ እሱ 016 ብሎ ጽፏል። እኔ ስወጣ የሚታየውን ጻፍኩ። በ24ቱም ሳጥን አንድ አንድ ቲኬት ትርፍ የሸጥኩ መሰልኩ ማለት ነው። 4 ባለ 1 ዶላር፣ 4 ባለ 2፣ 6 ባለ 5፣ 6 ባለ 10፣ 3 ባለ 20፣ አንድ ባለ 30። ደምሩት፣ 192 ነው። አንድም ቲኬት ሳይጠፋ።

ደግነቱ ማናጀሩ በዕድሜም በሥራም የበሰሉ ያገራችን ሰው ነበሩ፣ ጋሼ እያልን የምንጠራቸው። ወረቀቱን አንድ ጊዜ አይተው ሳቁ። «ልጄ፣ ከ24 ሳጥን አንድ አንድ እያለ እኩል የሚወስድ ሌባ እስካሁን አላየሁም» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየሳጥኑ አናት ላይ «የሚታየውን ጻፍ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

ሁልጊዜ ግን አይስቁም። አይፈረድባቸውም። ሎተሪው የባለሱቁ አይደለም፣ የግዛቱ መንግሥት ነው፤ ሱቁ አደራ ተቀባይ ነው። ከ100 ዶላር ሽያጭ ለሱቁ የሚቀረው ኮሚሽን 5 ዶላር ገደማ ነው። አንድ ባለ 20 ቲኬት ከጠፋ እሷን ለመተካት የ400 ዶላር ሎተሪ መሸጥ አለበት። ገንዘቡንም ማንም መጥቶ አይለምንም፤ በየሳምንቱ ቀኑ ሲደርስ ከባለቤቱ ባንክ ይሳባል፣ ሒሳቡ ውስጥ ካልተገኘ የሎተሪ ማሽኑ ሊዘጋ ይችላል። ቡክ ደግሞ አንዴ አክቲቬት ከተደረገ (ማሽኑ ላይ ለሽያጭ ከተከፈተ) በኋላ የተወሰነለት ጊዜ ሲያልፍ ሁሉም ቲኬት ባይሸጥም ሙሉው ይታሰባል። አክቲቬት ሳይደረግ የተሸጠ እንደሆነ ደግሞ ደንበኛው 50 ዶላር ወጥቶለት ማሽኑ አልከፍልም ይላል፣ ያኔ ስድቡን የሚቀበለው ካውንተር ላይ የቆመው ነው። አላባማ፣ አላስካ፣ ሃዋይ፣ ኔቫዳና ዩታ ያላችሁ የግዛት ሎተሪ ስለሌላችሁ ይሄ ጣጣ አይመለከታችሁም።

አሁን ከደሞዜ ወደተቆረጠችው 60 ዶላር ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነውና።

በየቀኑ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ የሚመጡ አንድ አዛውንት ደንበኛ ነበሩ። ባለ 5 ዶላር ይወዳሉ። እዚያው ካውንተሩ ላይ ይፍቃሉ፣ ግራጫውን ብናኝ በእጅጌያቸው ጠርገው መሬት ላይ ያራግፉታል (ወለሉን ገና መወልወሌ ነው!)፣ ከዚያ ቲኬቱን ይሰጡኛል። ማሽኑ ላይ ስካን ሳደርገው «20 ዶላር» ይላል። ገንዘቡን አይቀበሉም። በጣታቸው ሳጥኑን ያሳዩኛል፣ አራት ቀድጄ እሰጣቸዋለሁ። እንደገና ይፍቃሉ። ደግሞ 10 ይወጣል፣ ሁለት እሰጣለሁ። ገንዘብ አልወጣ፣ ገንዘብ አልገባ። ታዲያ ሬጂስተሩን፣ የሱቁን የሽያጭ መመዝገቢያ፣ ለምን እነካለሁ? ብዬ ተውኩት።

ያን ዕለት ጠዋት በሳጥን ቆጠራ የወጣው ስክራች 412 ዶላር ሆነ። እኔ ሬጂስተር ላይ ስክራች ብዬ የመታሁት 352። ጋሼ ቀና ብለው አዩኝና «60 ጎድሎብሃል» አሉ። ካሹ ግን ከሬጂስተሩ ጋር ልክ ነው፣ ፊታቸው ቆጥሬ አስረክቤያለሁ። «ካሹ ልክ ከሆነ ምኑ ጎደለ ጋሼ?» ብላቸው «ቲኬቱ ሄዷላ!» አሉኝ። ከደሞዜ ተቆረጠ። በቀጣዩ ሳምንት ደግሞ 35።

60 ዶላር ምንድን ነው ትሉ ይሆናል። የዚያን ጊዜ የእኔ ሕይወት ውስጥ የገባ ያውቃታል። ከገንዘቡ በላይ ግን ያስቸገረኝ አስተያየቱ ነው። ማንም ሌባ አላለኝም። ብቻ ወደ ስቶር ሩም ስገባ በር ክፍት ሆኖ እንዲቀር ተደረገ፣ የካሜራው ስክሪን ወደ ካውንተሩ ዞረ። የሚጠረጥርህ ሰው ሲጠነቀቅልህ ከስድብ ይከፋል።

(እግረ መንገዴን፦ በኋላ የተማርኩት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ባለው የፌደራል የሠራተኛ ሕግ መሠረት የካሽ ጉድለት ተብሎ የሚቆረጥ ገንዘብ ደሞዝህን ከዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በታች ማውረድ አይችልም። በፌደራል ደረጃ ይሄ መጠን ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ሳንቲም ነው። ከዚህ የጠበቀ ሕግ ያላቸው ግዛቶችም አሉ። ያኔ ይሄን ባውቅም ኖሮ አፌን የምከፍት አይመስለኝም።)

ሦስተኛ ጊዜ ሲጎድልብኝ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ጠዋት ቤቴ አልሄድኩም። ጋሼን የመጀመሪያውን ሌሊት ወረቀት እንዲያወጡልኝ ለመንኳቸው። ከወረቀቱ ጋር በስቴፕለር የተያያዘ ረጅም ደረሰኝ አለ፤ ከሎተሪው ማሽን የሚወጣ የሺፍት ሪፖርት ነው፣ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ስለሚላክ ከእኛ ማንም አንብቦት አያውቅም። በጣቴ መስመር በመስመር ወረድኩ። የተከፈለ ስክራች፦ 145 ዶላር። ሬጂስተሬ ላይ ፔይአውት (ለአሸናፊ የተከፈለ) ብዬ የመታሁት ስንት ነው? 85።

145 ሲቀነስ 85፣ 60!

አዛውንቱ ናቸው። ቲኬት ወስደዋል፣ ሳጥኑ ያውቃል። አሸንፈዋል፣ ማሽኑ ያውቃል። ሬጂስተሩ ብቻ ሁለቱንም አልሰማም፤ እኔ አልነገርኩትማ። በአንድ በኩል ያልተመታ የ60 ዶላር ሽያጭ፣ በሌላ በኩል ያልተመታ የ60 ዶላር ክፍያ። ካሹ ልክ የነበረው ለዚህ ነው።

የሒሳብ ሰዎች ይሄን ሥራ ማስታረቅ ይሉታል፣ ቃሉን የወደድኩት ያን ቀን ነው። እውነትም ሽምግልና ነው። ሦስት ባለጉዳይ አለ፦ ሳጥኑ፣ ሬጂስተሩና ማሽኑ። እኛ ግን የሁለቱን ብቻ ሰምተን ስንፈርድ ከርመናል። ጋሼ ደረሰኙን ተቀብለው ሁለት ጊዜ ደመሩ፣ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ ምንም አላሉም። በሚቀጥለው ክፍያ ላይ ግን የተቆረጠብኝ ሁሉ ተመልሶ አገኘሁት። ይቅርታ የሚል ቃል አልሰማሁም፣ የካሜራው ስክሪን ግን ወደ ቦታው ዞረ። ከዚያ ወዲህ ገንዘብ ባይንቀሳቀስ እንኳ 20 ከፈልኩ፣ 20 ሸጥኩ ብዬ ሁለቱንም እመታለሁ። አዛውንቱ «ምን ታንኳኳለህ?» እያሉ ይስቁብኛል።

ሳጥን 14 ደግሞ ሌላ ተረት ነው። አንድ ቀን የቀን ሺፍት ልጅ አዲስ ባለ 10 ዶላር ቡክ ሲያስገባ ገልብጦት፣ ቲኬቱ ከኋላ ወደፊት መውጣት ጀመረ። 029 ላይ ተረከብኩ፣ 4 ሸጥኩ፣ 025 ላይ አስረከብኩ። ኮምፒውተሩ መዝጊያው ከመክፈቻው ሲያንስ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፦ የድሮው ቡክ አልቆ አዲስ ተከፍቷል። ስለዚህ ከድሮው 1፣ ከአዲሱ 25፣ በድምሩ 26 ቲኬት ሸጠሃል ብሎ 260 ዶላር ጠየቀኝ። 40 ዶላር ነው ያለኝ። ያን ጊዜ ግን አልደነገጥኩም። ሳጥኑን ከፍቼ የቀሩትን በእጄ ቆጠርኩ፣ 26 አሉ። ባልተሸጠው ነበር ለካ የሚያስከፍለኝ።

ዕጣ የሚወጣላቸው እነ ፓወርቦል ከስክራቹ ይሻላሉ፣ ማሽኑ ራሱ ነው የሚያትመውና የሚቆጥረው። አደጋቸው ሌላ ነው፤ እኛ ግዛት የታተመ ፓወርቦል አይሰረዝም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 ጃክፖቱ 2 ቢሊዮን ዶላር ያለፈ ጊዜ ሰልፉ እስከ ነዳጅ መቅጃው ደርሶ ነበር። አንዱ 5 መስመር ሲለኝ እኔ 10 መስመር ከነፓወርፕሌዩ (ተጨማሪ የሚከፈልበት ምርጫ ነው) አተምኩ። ሊከፍል የሚገባው 10 ዶላር፣ በእጄ የያዝኩት የ30 ዶላር ወረቀት። አልወስድም አለ፣ ልክ ነው። ላቤ ጠብ ሲል ከኋላው የቆመች ሴትዮ «ለኔ ስጠኝ፣ በስህተት የወጣ ነው የሚደርሰው» ብላ ቆጥራ ከፈለችኝ። ዕጣው ራሱ ያን ሌሊት ሳይወጣ ቀርቶ ያደረው ለማግስቱ ጠዋት ነው። አሸናፊው ቲኬት ካሊፎርኒያ፣ አልታዲና ከሚገኝ ነዳጅ ማደያ የተሸጠ ሆኖ ተገኘ። ሴትዮዋ ግን እስከዛሬ ስታየኝ ፈገግ ትላለች።

ለመጻፍ ያመነታሁበት አንድ ነገር አለ። ሁሉም ጉድለት የአጻጻፍ ስህተት አይደለም። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ነበር፣ ወንድሜ እየተባባልን የምንዋደድ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ሰው ሲጠፋ አንድ ቲኬት ቀዶ ይፍቃል፣ ሲወጣለት ይከፍለዋል። ካልወጣለት ያንን ለመክፈል ሌላ ይቀድዳል። አንድ ጠዋት ልረከበው ስመጣ ፊቱ አመድ መስሏል። 140 ዶላር። «መዝጊያውን ዝቅ አድርጌ ልጻፈው፣ አንተ ፈርምልኝ፣ ማታ አመጣለሁ» አለኝ። ፈረምኩለት። ማታ አመጣ። በሁለተኛው ጊዜ ግን እምቢ አልኩት። ዝቅ ያለው ቁጥር የሚወጣው ከእኔ ሺፍት ነው፣ ደግሞስ ያን የካሜራ ስክሪን የሚያዞረው ማን ላይ ሊሆን ነው? ለጋሼም አልተናገርኩበትም። እሱ ራሱ በሳምንቱ ሥራውን ለቀቀ። ስልኬን አያነሳም፤ የመጀመሪያው ቀን ባልፈርምለት ይሻል ነበር እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ዛሬ ሺፍት የማስረክበው እኔ ነኝ። ባለፈው ወር አዲስ የገባ ልጅ ሊረከበኝ መጣ። ወረቀቱን ሳቀብለው «አንተን አምንሃለሁ» ብሎ ሊፈርም ብዕር አነሳ። «እኔን ተወኝና ሳጥኖቹን ቁጠር» አልኩት። እያጉረመረመ ጀመረ። ሳጥን 9 ላይ ሲደርስ ቆመ።

«ይሄ 021 ነው የሚለው። አንተ የጻፍከው 012 ነው።»

ባለ 20 ዶላሩ ሳጥን ነው። 9 ቲኬት፣ 180 ዶላር፤ ለእኔ ትርፍ፣ ለእሱ ጉድለት ሆኖ ይወጣ የነበረ። መነጽሬን አድርጌ አየሁት፣ እውነቱን ነው። ልጁ 012ን በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ 021 ብሎ ጻፈና ወረቀቱን ወደ እኔ አዙሮ «እዚህ ጋ ፈርምልኝ» አለኝ።