መብራት የጠፋበትን ሌሊት እንዴት እንዳባከንኩት

ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም. ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የሰፈራችን መብራት ድርግም አለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲያማርር እኔ ጋቢዬን ደርቤ፣ ካሜራዬን ይዤ ወደ ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ወረድኩ። የጄሚኒድ ተወርዋሪ ኮከቦች የሚበዙበት ሌሊት ነው። ጨረቃዋ ገና ጨቅላ ስለነበረች በጊዜ ገብታለች። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ ጨለማ እንደ ሎተሪ ነው።

ዝግጅቱ ብዙ አያደክምም። ካሜራውን መቆሚያው ላይ አሰርኩ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ንቃት) 3200 አደረግኩ፣ ሌንሱን እስከ ጥግ ከፈትኩ። ሌንሱ ስንት ሰከንድ ተከፍቶ እንደሚቆይ ለማወቅ 500ን ለሌንሱ ሚሊሜትር ማካፈል ነው፤ እንደኔ ሰንሰሩ (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል) ትንሽ ከሆነ ውጤቱን እንደገና ለ1.5። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ 14 ሰከንድ ገደማ ይሆናል። ከዚያ ካለፈ ምድር ስለምትዞር ኮከቡ መስመር ይሆናል። ጣቴ ካሜራውን እንዳያነቃንቀው የሁለት ሰከንድ ታይመር።

ቀጥሎ ፎከስ። ጉዴ የፈላው እዚህ ላይ ነው።

ያየኋቸው ቪዲዮዎች ሁሉ «የፎከሱን ቀለበት ወደተጋደመው ስምንት (∞፣ እጅግ ሩቅ ማለት ነው) አዙሩት» ይላሉ። አዞርኩት። እስከ መጨረሻው፣ ግጥም እስኪል። ብዙ ሌንሶች ከትክክለኛው ቦታ ትንሽ አልፈው እንደሚዞሩ የነገረኝ የለም። ሙቀትና ቅዝቃዜ ሌንሱን ስለሚያሳብጠውና ስለሚያኮማትረው ሆን ተብሎ የተተወ ክፍተት ነው። ያቺ የፀጉር ታህል ትርፍ ሌሊቱን በላችው።

የግቢያችን ጥበቃ ባትሪያቸውን እያበሩ መጡ።

«ምን እያነሳህ ነው ልጄ? ፈቃድ አለህ?»

ለሰማይም ፈቃድ! ሩብ ሰዓት ተከራከርን። በኋላ ለስለስ ሲሉ የካሜራውን ስክሪን አሳየኋቸው። አይናቸውን ጨፈን አድርገው አዩና፣ «ይሄማ ፈንዲሻ ነው እንጂ ኮከብ ነው እንዴ?» አሉ።

ሳቅኩባቸው። «ጋሼ፣ ስክሪኑ ትንሽ ስለሆነ ነው።»

መብራት ከሌሊቱ 7 ሰዓት መጣ። 140 ፎቶ አንስቻለሁ። ኮምፒውተር ላይ ከፈትኩት፤ የኦርዮን ኮከቦች ፈንዲሻ፣ ሰባቱ ከዋክብት ፈንዲሻ። ሰማዩን ሰንጥቆ ያለፈው ትልቁ ተወርዋሪ እንኳ እርጥብ ጠመኔ መስሏል። ፎከስ የሳተ ፎቶ ደግሞ በኋላ አይስተካከልም። አንዲቷን ፎቶ አጉልቼ ባያት ኖሮ! ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም ነበር።

አሁን የማደርገው ሌላ ነው። ሰማዩን በቀጥታ እንዲያሳየኝ የካሜራውን ስክሪን እከፍታለሁ፣ ጁፒተርን ወይም አንድ ደማቅ ኮከብ መሃል አስገብቼ 10 እጥፍ አጎላለሁ፣ ነጥቡ በጣም ትንሽ እስኪሆን ቀለበቱን በቀስታ አዞራለሁ። ከዚያ ቀለበቱን በፕላስተር። «ከከተማ ካልወጣችሁ አይሆንም» የሚሏችሁንም አትስሟቸው። ጀማሪ መጀመሪያ ቤቱ በር ላይ ይበላሽ። ያን ሁሉ ስህተት መኪና ተከራይቼ ሄጄ ብሠራው ኖሮ አልቅሼ ነበር የምመለሰው።

በዓመቱ፣ ታኅሣሥ 2017፣ ፕላስተሬን ይዤ ጠበቅኩ። ጨረቃዋ ልትሞላ አንድ ቀን ነው የቀራት፤ ሰማዩ ወተት መስሏል። መብራትም አልጠፋም። ጋሼ ግን መጥተው ስክሪኑን አዩልኝ።

«አሁን ኮከብ ሆነ» አሉ።