የቢትዊን ዘ በሪድ ኤንድ ሚን ዘፈኖች በደረጃ ሳስቀምጥ የት ላይ እንደተሳሳትኩ

የአንድን ባንድ ምርጥ ዘፈኖች ከአንድ እስከ አሥር መደርደር የአንድ ቅዳሜ ሥራ መስሎኝ ነበር። ሁለት ወር ፈጀብኝ፤ ከሁለቱ ወራት አንዱ ደግሞ ሙሉ በሙሉ የባከነ ነው። አስቀድሞ «ተው፣ በዚህ መንገድ አትሂድ» የሚለኝ ሰው ባገኝ ኖሮ እንዲህ ባልሆነ ነበር፤ ስለዚህም ነው ይህን የምጽፈው።

ባንዱ ቢትዊን ዘ በሪድ ኤንድ ሚ ነው። በ2000 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በአሜሪካ፣ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት፣ በራሌይ ከተማ ተመሠረተ። ሜታልኮር የሚባለውን ከባድ የሮክ ዓይነት ጩኸትና ጥድፊያ ፕሮግረሲቭ ሮክ ከሚባለው ረጃጅም ቅንብሮች ጋር ያዋሐደ ባንድ ነው፤ ድምፃዊው ቶሚ ሮጀርስ በአንድ ዘፈን ውስጥ ከጉሮሮ ጩኸት ወደ ለስላሳ ዜማ ሲሻገር ድልድዩን የሚሠሩለት የፖል ዋጎነር ጊታርና የዳን ብሪግስ ቤዝ ጊታር ናቸው። የሥራዬ መጀመሪያ ቀላል ነበር። ከ2002ቱ የመጀመሪያ አልበም እስከ 2021ዱ «ከለርስ ቱ» ድረስ ያሉትን በቅደም ተከተል ሰማሁ፤ የሌሎችን ዘፈኖች የተጫወቱበትን የ2006ቱን አልበም ተውኩት፤ አርባ ዘፈኖች መረጥኩ።

የተበላሸው ነጥብ መስጠቱ ላይ ነው። ደረጃ የሚያወጡ ሰዎች ዘወትር የሚመክሩት አንድ ዘዴ አለ፦ ዘፈኖቹን ከአልበማቸው አውጥተህ በዘፈቀደ አጫውታቸው፤ ለድምፅ፣ ለጊታር፣ ለከበሮ፣ ለግጥምና ለቅንብር ለየብቻ ከአሥር ነጥብ ስጥ፤ ከዚያም አማካዩን አውጣ። ምክሩ ፍትሐዊ ይመስላል፤ እኔም ያለ ምንም ጥርጣሬ ተቀበልኩት። አምስት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ አሰመርኩና በየምሽቱ አራት አራት ዘፈን እየሰማሁ መሙላት ጀመርኩ።

በሦስተኛው ምሽት «ቪሪዲያን» መጣ። ሦስት ደቂቃ የማይሞላ፣ ቃል የሌለበት ሙዚቃ ነው። በድምፅና በግጥም ዓምዶች ምን እንደምጽፍ ግራ ገብቶኝ ሁለቱንም ዜሮ ሞላኋቸው፤ በዚህም ከአርባዎቹ የመጨረሻው ሆነ። በማግሥቱ ደግሞ ከሌላ አልበም በመጣ ዘፈን ጅራት ላይ «ዋይት ዎልስ» ተከተለ። አሥራ አራት ደቂቃ ይረዝማል። አጀማመሩ ድንገተኛ ሆኖብኝ፣ ገና ሳልዘጋጅ መሐል ሜዳ የተጣልኩ ያህል ስለተሰማኝ ለቅንብር ሰባት ሰጠሁት። ሰንጠረዡ ሲደመር አሥራ አንደኛ ወጣ፤ ከዝርዝሩም ቀረ ማለት ነው። ያን ጊዜ ቁጥሩን ሳይሆን ጆሮዬን መጠራጠሬ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ዝርዝሩን ከዚህ ባንድ ጋር ላስተዋወቀኝ ጓደኛዬ ላክሁለት። የመለሰልኝ አንዲት ጥያቄ ብቻ ነበረች፦ «ከዋይት ዎልስ በፊት ምን እየሰማህ ነበር?» ሥራዬን የናቀው መስሎኝ ተቀየምኩ፤ ሦስት ቀንም ሳልመልስለት ቆየሁ። በአራተኛው ቀን ግን መብራቱን አጥፍቼ ሁለቱ ዘፈኖች ያሉበትን የ2007ቱን አልበም «ከለርስ»ን ከመጀመሪያው የፒያኖ ድምፅ አንስቼ እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ ሰማሁት። አልበሙ ስምንት ዘፈኖች ያሉት፣ ስልሳ አራት ደቂቃ የሚፈጅ፣ አንዱ ከሌላው እየተያያዘ የሚፈስ አንድ ወጥ ሥራ ነው። «ቪሪዲያን» ሲደርስ ሃምሳ ደቂቃ ከሚጠጋ ሩጫ በኋላ የተገኘ እረፍት ነበር፤ ቤዙ ብቻውን እየተንጎራደደ ዜማውን ይመራል፤ «ዋይት ዎልስ»ም ከዚያው ውስጥ ይወጣል። ድንገተኛ ያልኩት አጀማመር ድንገተኛ አልነበረም፤ መግቢያውን ቆርጬ የጣልኩት እኔው ነበርኩ። የመጨረሻው የጊታር ሶሎ (ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ የሚጫወትበት ክፍል) ሲጀምር የሚዘጋው አንድ ዘፈን ሳይሆን አንድ ሰዓት ሙሉ የተገነባ ነገር እንደሆነ ገባኝና ተነሥቼ ሰንጠረዡን ቀደድኩት።

ለጥፋቱ የምጠቀምበት የሙዚቃ ማዳመጫ መተግበሪያም ድርሻ አለው። ዘፈኖቹን በቅደም ተከተል ሳጫውት እንኳ በሁለት ዘፈኖች መካከል ቅጽበታዊ ዝምታ ያስገባ ነበር፤ ተያይዞ የተቀዳን ሙዚቃ መቁረጥ የገጹን መካከል ቀድዶ መጽሐፍ እንደማንበብ ነው። ለደንበኞች አገልግሎት ክፍላቸው ችግሩን በዝርዝር ብጽፍላቸው መተግበሪያውን አጥፍቼ እንደገና እንድጭነው መከሩኝ። ጫንኩት፤ ምንም አልተለወጠም። በመጨረሻ አልበሞቹን ገዝቼ በሌላ ማጫወቻ ሰማኋቸው፤ ይህንንም መጀመሪያውኑ ማድረግ ነበረብኝ።

አማካይ ማውጣት ራሱ ለዚህ ባንድ አይሆንም። «አንትስ ኦቭ ዘ ስካይ» አሥራ ሦስት ደቂቃ ሲጓዝ መንገዱ ላይ የመጠጥ ቤት ጫጫታ ወደሚሰማበት የአሜሪካ ገጠር ጭፈራ ይገባል፤ ለዚያ ድፍረት በአንዱ ዓምድ አሥር፣ በሌላው አራት ሰጠሁ፤ ሲካፈል ተራ ዘፈን ሆኖ ወጣ። በሰንጠረዤ አንደኛ የወጣው «ካንደምድ ቱ ዘ ጋሎውስ» ነበር። ጥሩ ዘፈን መሆኑን አልክድም፤ በ2019 በተካሄደው የግራሚ ሽልማት በሜታል ዘርፍ ታጭቷል። አንደኛ ያደረገው ግን በየትኛውም ዓምድ ዝቅ ያለ ነጥብ አለማግኘቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛውን ዝርዝር የሠራሁት ያለ ነጥብ ነው። እያንዳንዱን አልበም ሁለት ጊዜ ሙሉውን ሰማሁ፤ ከእያንዳንዱ ቢበዛ ሦስት ዘፈን አስቀረሁ፤ ከዚያም ሁለት ሁለቱን እያነጻጸርኩ «ዛሬ ማታ አንዱን ብቻ ብትሰማ የትኛውን?» ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ይህ ጥያቄ ከአምስቱ ዓምዶች ይልቅ እውነቱን አወጣ። «ቪሪዲያን»ና «ዋይት ዎልስ» አንድ ላይ አንደኛ ናቸው፤ ሁለት ዘፈን በአንድ ደረጃ አይቀመጥም የሚል ደንብ ካለ አልቀበለውም። ሁለተኛው ከ2005ቱ «አላስካ» «ሰልኪስ» ነው፤ ብሪግስ፣ ከበሮ መቺው ብሌክ ሪቻርድሰንና ያኔ ጊታር ተጫዋች የነበረው ደስቲ ዌሪንግ የመጀመሪያ ሥራቸውን ከባንዱ ጋር የቀዱት በዚያ አልበም ሲሆን፣ የዘፈኑን የመጨረሻ ሶሎ ሰምቼ ጠግቤው አላውቅም። ሦስተኛው «ሳይለንት ፍላይት ፓርላመንት» ነው፤ በ2012ቱ አልበም መጨረሻ ከሚከተለው አጭር መዝጊያ ጋር መሰማት አለበት፤ መዝጊያው የአልበሙን መክፈቻ ዜማ መልሶ ያመጣልና። «አንትስ ኦቭ ዘ ስካይ» አራተኛ ሆነ።

አሥራ ስምንት ደቂቃ የሚጠጋውን «ስዊም ቱ ዘ ሙን»ን ከስድስተኛ በላይ ማድረግ አልቻልኩም፤ መሐሉ ላይ መሣሪያዎቹ እየተቀባበሉ የሚጫወቱበት ክፍል እጅግ ረዝሞብኛል። ብዙ አድናቂዎች በዚህ እንደሚቆጡ አውቃለሁ፤ ሦስት ጊዜ ደግሜ ሰምቼ ነው የወሰንኩት። «ካንደምድ ቱ ዘ ጋሎውስ» ዘጠነኛ ነው።

አዲሱን ዝርዝር ለጓደኛዬ ስልክ ከሁለት ሳምንት በፊት ልኬያለሁ። በ2003ቱ «ሞርዴካይ» አሥረኛ መሆን ብቻ አልተስማማም፤ ከሁለተኛው አጋማሽ ለስላሳ ዜማ የተነሣ ቢያንስ ሰባተኛ ይገባዋል ይላል። እሑድ ዕለት ዘፈኑ ያለበትን አልበም ከመጀመሪያው አንስተን አብረን እንሰማዋለን።