«አንቺ አለኝ እኮ»

ባለፈው አገር ቤት ሄጄ ሳለ እናቴን ይዤ ለጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ገባን። እናቴ 71 ዓመቷ ነው። መስኮቱ ጋ የነበረው ልጅ፣ ዕድሜው የልጅ ልጇ ቢሆን ነው፣ ቀና እንኳን ሳይል «አንቺ፣ ይሄን ፎርም ሞልተሽ ነይ» አላት። ምንም አልመለሰችለትም። ቤት ስንገባ ነጠላዋን እያጣጠፈች «አንቺ አለኝ እኮ» አለች። ማታ ቡና ላይም ደገመችው።

እኔም እኮ አንቺ ነው የምላት። ከእኔ ስትሰማው ፍቅር ነው፣ ከዚያ ልጅ ግን ንቀት ሆነባት። ቃሉ ያው ነው። ለእኔ ፈቅዳልኛለች፣ ለእሱ አልፈቀደችም፣ በቃ።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚህ አንድ የሥራ ባልደረባ አሉኝ፤ ገና በመጀመሪያው ቀን «ሂ (እሱ) አትበሉኝ፣ ሺም (እሷም) አትበሉኝ፣ ዘይ (እነሱ) በሉኝ» ብለው ነገሩን። ራሳቸውን እንደ ወንድም እንደ ሴትም አያዩም። ምሳ ሰዓት ላይ የኛ ሰዎች «አንድ ሰው እንዴት እነሱ ይባላል? የፈረንጅ ነገር!» ሲሉ እሰማለሁ። ይሄ ጥያቄ ከአማርኛ ተናጋሪ ሲመጣ ግን ግራ ይገባኛል። «እሳቸው መጡ» ስንል ስንት ሰው ነው የመጣው? አንድ። ግሱ ግን «ልጆቹ መጡ» ከምንለው ጋር አንድ ነው። አባ ይሁኑ እማሆይ ደግሞ ከቃሉ አይታወቅም። ለአንድ ሰው የብዙ ግስ መስጠት፣ ጾታን ሳይጠሩ ማክበር፣ ከእናቶቻችን የተማርነው ነገር ነው። እንግሊዝኛም ቢሆን ዘይን ለአንድ ሰው መጠቀም የጀመረው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ሜሪያም ዌብስተር መዝገበ ቃላት ደግሞ በ2019 እንደ ባልደረባዬ ላሉ ሰዎች የሚያገለግለውን ትርጉም አስገብቶ፣ በዚያው ዓመት ዘይን የዓመቱ ቃል ብሎ መርጦታል።

የቃሉን ክብደት ከኛ በላይ ማን ያውቃል? የታወቀ ሐኪም ስናሞግስ «አንቱ የተባለ» እንላለን። ወንዱን መንገድ ላይ «አንቺ» ብትለው ድብድብ ነው፣ እናቱ ስታቆላምጠው «አንቺ» ብትለው ግን ፈገግ ይላል።

ቀላል ነው እያልኩ አይደለም። በመጀመሪያው ወር ስንት ጊዜ ሺ እንዳልኩ አልቆጠርኩትም። አንድ ቀን አምልጦኝ ይቅርታዬን ሳበዛ ጭራሽ እሳቸው እኔን ማጽናናት ጀመሩ፣ ያኔ ገባኝ። አሁን ሲያመልጠኝ ወዲያው አስተካክዬ ወሬዬን እቀጥላለሁ።

አማርኛው ነው የባሰው። ብላ፣ ብዪ፣ ሄደ፣ ሄደች፤ አፍህን በከፈትክ ቁጥር መምረጥ አለብህ። ለእናቴ በስልክ ስለ ሥራ ሳወራት ስለ ባልደረባዬ «ነው... ነች...» ብዬ ተደናቀፍኩና «ናቸው» አልኩ።

«ትልቅ ሰው ናቸው?» አለችኝ።

«አይ፣ 26 ዓመታቸው ነው። ግን ወንድም ሴትም ተብለው መጠራት አይፈልጉም።»

ትንሽ ዝም አለች። «ታዲያ በያቸዋ፣ ምን ቸገረሽ» አለች።

ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ስንሰነባበት «እኚያን ልጅ ሰላም በያቸው» ትለኛለች።