በጠባብ ኪስ አሮጌ ቮልስ ለሚገዛ

ፒያሳ አካባቢ አሮጌ ቮልስ ሲታይ ዓይን መጀመሪያ ቀለሙ ላይ ያርፋል። ቀለም ግን ስቱኮ (የተበላ ላሜራ የሚሞላበትን ልስን) ይሸፍናል። ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሂዱ፤ ስቱኮ ላይ አይጣበቅም። የኋላ መቀመጫውን አንሱ፤ በስተቀኝ ከባትሪው ሥር ያለውን ላሜራ አሲድ በልቶት ከሆነ ዋጋ አስቀንሱ፣ ይበየዳል። ከበሮቹ ሥር በቁመት የሚሄደው የማሞቂያ ቱቦ ከበሰበሰ ግን ተዉት። ቦዲውን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው።

ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የታችኛውን ፑሌጃ (ቺንጋ የሚዞርበትን መዘውር) በሁለት እጅ ይዛችሁ ግፉ፣ ሳቡ። ጤነኛው ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በእጅ እምብዛም አይታወቅም። «ቋ» ካለ ወይ የሞተሩ ዋና ዘንግ የሚሽከረከርበት ብሮንዚና አልቋል፣ ወይ የሞተሩ ቤት ተበልቷል። ርካሽነቱ እዚያ ላይ አበቃ።

ከተገዛ በኋላ የመጀመሪያው ብር ለቸርኬና ለቴፕ ሳይሆን (ፈተናው ከባድ ነው) ለፍሬንና ለቤንዚን ጎማ ይውጣ። የደረቀ ጎማ ተሰንጥቆ የጋለ ሞተር ላይ ካንጠባጠበ መኪናው በእሳት ይያያዛል። ጎማውን ከነማሰሪያው ሙሉ በሙሉ ቀይሩ።

ለ1300 ሞተር የቫልቮላው ክፍተት ሞተሩ አድሮ ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊ ሜትር ይስተካከላል፣ የፑንቲናው (የኮረንቲ ማቋረጫው) 0.4፣ የካንዴላው (የብልጭታ ሰጪው) 0.7። ዘይቱ 2.5 ሊትር ብቻ ነው፣ ከዚያ አታሳልፉት።

አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል። መጀመሪያ የአየር ማጣሪያውንና ቾኩን (ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ አየር የሚቀንሰውን) እዩ። ካልተሻለው የካርቡራተሩን (የቤንዚንና የአየር መቀላቀያውን) ዋና የቤንዚን ቀዳዳ በጠበበ ቀይሩ። የድሮውን አትጣሉ፤ ወደ አዋሽ ስትወርዱ ካልመለሳችሁት ሞተሩ ከመጠን በላይ ይግላል።