የጃኖ እከክ

ዛሬ ረፋድ ላይ ውሻችንን ጃኖን እዚሁ ደሴ ወደሚገኝ የእንስሳት ክሊኒክ ወሰድኩት። ላለፉት ሦስት ሳምንታት ሌሊቱን ሙሉ ሲያክ ስለሚያድር የጆሮው ጠርዝ፣ ክርኑና የሆዱ ሥር ፀጉር ረግፎ ቆዳው ቅርፊት አውጥቷል። እኔ ቁንጫ ነው ብዬ በሳሙና ሳጥበው ከርሜ ነበር፤ ይህን ያህል ጊዜ ማሠቃየቴ ዛሬም ያሳዝነኛል።

ሐኪሙ የጆሮውን ጠርዝ በጣቶቹ መካከል ይዞ ሲያሸው የጃኖ የኋላ እግር ወዲያው አየሩን ማከክ ጀመረ፤ ይህም እከክን በብርቱ የሚያስጠረጥር ምልክት መሆኑን ነገረኝ። ቀጥሎም ቆዳውን ጥቂት ደም እስኪያዥ ድረስ በምላጭ ፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት፣ ቆዳ ውስጥ ሰርስራ ገብታ እንቁላል የምትጥለውን ደቃቅ ተባይ አገኘ። ቁንጫም ሆነ ጭርት ፀጉር ስለሚያረግፉ ሳይመረመሩ መድኃኒት መግዛት ከንቱ ድካም ነው።

በክብደቱ ልክ የአይቨርሜክቲን መርፌ ተወጋ፤ መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል ማሳከኩ ቢቀንስም ከ14 ቀን በኋላ ይደገማል። በአካባቢያችን ብዙዎች የሚቀቡት የተቃጠለ የሞተር ዘይት ግን በቆዳ ሰርጎ፣ ሲልሰውም ወደ ሆድ ገብቶ ይመርዛል፤ እባካችሁ ተዉት።

የልጄ ክንድ ላይ የወጣው ሽፍታም ከጃኖ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ነገ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ። ጃኖ የሚተኛበትን ጆንያ አቃጥዬ፣ አብሮት የሚውለውን የጎረቤት ውሻ ለማሳከም ከባለቤቱ ጋር ተስማምተናል።