ከርክክቡ በኋላ

የምኖረው ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት መለስተኛ ከተማ ነው። ስሟን አልጠራም፤ የምጽፈው ነገር ከደጀን እስከ ዳንግላ፣ ከሞጣ እስከ ቡሬ ያለውን ነዋሪ ሁሉ የሚመለከት ይመስለኛልና። በከተማችን ምክር ቤት ጉባኤ ላይ በታዛቢነት መቀመጥ ልማድ ካደረግሁ ቆየሁ። በየጉባኤው የሚቀርበው የከንቲባው ሪፖርት አንድ የማይለወጥ ጠባይ አለው፤ የተሠራውን ይቆጥራል። ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ኮብልስቶን ተነጠፈ፣ ይህን ያህል ሜትር የጎርፍ መውረጃ ቦይ ተገነባ፣ ይህን ያህል ሺሕ ችግኝ ተተከለ፣ ይህን ያህል ሼድ ለተደራጁ ወጣቶች ተላለፈ ይባላል። ካቻምና የተገነባው ቦይ ዘንድሮ ውኃ ያወርዳል ወይ፣ አምና የተተከለው ችግኝ በሕይወት አለ ወይ፣ የተመረቀው ሕንፃ ጣራው ያፈሳል ወይ የሚል ዐምድ ግን በሠንጠረዡ ላይ የለም። ከተማችን ከምትሠራው ነገር ይልቅ የሠራችውን የሚይዝላት ማጣቷ እንደሚጎዳት ካመንሁ ሰንብቻለሁ፤ ይህን ለማስረዳትም ጉዳዩን ከበጀቱ አንሥቼ እስከ ችግኙ ልከተለው።

የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ተከፍቶ ሰኔ 30 ቀን ይዘጋል። ምክር ቤቱ በጀቱን የሚያጸድቀው እንግዲህ የጎጃም ክረምት በበረታበት፣ መንገዱ ሁሉ በጨቀየበት ሰሞን ነው። ከዚያ በኋላ ዲዛይኑ ሲከለስ፣ የጨረታ ሰነዱ ሲዘጋጅ፣ ጨረታው ሲወጣና የተሸነፉት ቅሬታ ሲሰማ መስከረምና ጥቅምት ያልፋሉ፤ ተቋራጩ ቅድሚያ ክፍያውን ተቀብሎ የሥራ ቦታውን እስኪረከብ ታኅሣሥ ይገባል። ለግንባታ የሚመቸው በጋ ግማሹ በደብዳቤ ምልልስ ካለቀ በኋላ፣ ያልተጠቀሙበት ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን በሚል ግንቦትና ሰኔ ላይ ሌት ተቀን ይሠራል። የቦዩ ኮንክሪት የሚሞላው ጎርፉ ደጅ ላይ ሲደርስ ነው። ኮንክሪት የሚጠበቅበትን ጥንካሬ ለመያዝ 28 ቀን ያህል እንደሚያስፈልገው የማያውቅ ግንበኛ የለም፤ የበጀት መዝጊያው ግን ይህን ያህል አይታገሥም። ምክር ቤቱ በራሱ ሥልጣን ሊያስተካክለው የሚችለው የመጀመሪያው ነገር ይህ ይመስለኛል፤ ዲዛይንና የጨረታ ሰነድ በሚያዝያና በግንቦት ተጠናቀው በጀቱ ሲጸድቅ ጨረታው ወዲያው እንዲወጣ ማዘዝ አዲስ ገንዘብ አይጠይቅም።

ገንዘቡ የሚመጣው ከሁለት በኩል ነው። ከተማው ከሊዝ፣ ከቤትና ቦታ ግብር፣ ከገበያ ቦታ ኪራይና ከአገልግሎት ክፍያ የሚሰበስበው የማዘጋጃ ቤት ገቢ አለ፤ ከክልሉ በጥቅል ድጎማ የሚመጣው ደግሞ ለትምህርት፣ ለጤናና ለመሳሰሉት፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል። በዚህ ላይ በዓለም ባንክ ድጋፍ የተካሄዱት የከተሞች ፕሮግራሞች ይጨመራሉ፤ በ2006 ዓ.ም. የጸደቀው 44 ከተሞችን፣ በ2010 ዓ.ም. የጸደቀው ተከታዩ ደግሞ 117 ከተሞችን ያቀፈ ነበር። ሰው እነዚህን ፕሮግራሞች የሚያውቃቸው በኮብልስቶናቸው ነው። እኔ የማደንቀው ግን ሌላ ነገራቸውን ነው፤ ገንዘቡ የሚለቀቀው ከተማው በየዓመቱ ተመዝኖ በሚያገኘው ውጤት ልክ ስለ ነበር፣ ከመመዘኛዎቹም አንዱ የሀብት አስተዳደር ዕቅድ ማዘጋጀት ስለ ነበር፣ ከተሞች መንገዳቸውን፣ ቦያቸውንና ሕንፃቸውን ዘርዝረው፣ እያንዳንዱ በምን ይዞታ ላይ እንዳለና ለጥገናው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ መጻፍ ግድ ሆኖባቸው ነበር። በእኛ ከተማ ሰነዱ የተዘጋጀው ለምዘናው ነበርና ምዘናው ሲያልፍ መደርደሪያ ላይ ወጣ። የምክር ቤቱ አባላት በጀት ሲያጸድቁ ያን ሰነድ አስቀርበው ሲያገላብጡ አይቼ አላውቅም።

ይህ በተግባር ምን እንደሚያስከትል የሚያሳየው የከተማችን የስብሰባ አዳራሽ ነው። አዳራሹ በባሕር ዛፍ የተከበበ ነው። ቅጠሉ እየረገፈ በጣራው ጠርዝ ያለውን አሸንዳ ይሞላዋል፤ አሸንዳው ሲደፈን ውኃው ወደ ኋላ ተመልሶ በቆርቆሮው ሥር ይገባና በግድግዳው ራስ ላይ ያርፋል። ከመድረኩ በላይ ያለው ኮርኒስ መጀመሪያ ቡናማ ቀለበት አወጣ፤ ቀጥሎ ጎበጠ፤ በመጨረሻ አንዱ ክፍል ከነመብራቱ ወረደ። በሩን የሚጠብቁትን አዛውንት «ጋሼ፣ ይህን ቅጠል የሚያነሣ የለም ወይ?» ብዬ ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እኔ የተሰጠኝ በሩ ነው፤ ጣራው የማን እንደ ሆነ አንተው ጠይቅልኝ» አሉኝ። ጠየቅሁ። ያስገነባው ጽሕፈት ቤት ለተጠቃሚው አስረክቤያለሁ አለ፤ ተጠቃሚው ጽሕፈት ቤት በበኩሉ የጥገና በጀት አልተያዘልኝም አለ፤ የፋይናንስ ባለሙያውም የጥገና በጀት ያልጠየቀውን መሥሪያ ቤት በጀት ልሰጠው አልችልም አለኝ። ሦስቱም የተናገሩት እውነት ነው። አሸንዳውን በዓመት ሁለት ጊዜ ለመጥረግ አንድ መሰላልና ሁለት የቀን ሠራተኛ ይበቃ ነበር፤ አሁን ኮርኒሱን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩንና ቀለሙን ለማደስ ጨረታ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለጨረታ የሚበቃ ሥራ ደግሞ እንደ አዲስ ፕሮጀክት በሪፖርት ስለሚቆጠር ሁሉም ይወደዋል።

እዚህ ላይ ስለ ርክክብ አንድ ነገር ልበል። ግንባታ ሲያልቅ የሚደረገው ርክክብ ጊዜያዊ ነው፤ የመጨረሻው የሚፈጸመው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በመካከሉ የታየውን ጉድለት ተቋራጩ በራሱ ወጪ ካስተካከለ በኋላ ነው፤ ለዚሁ ዋስትና እንዲሆንም ከክፍያው ላይ የተወሰነ ገንዘብ በመያዣነት ይቀራል። አንድ ሙሉ ክረምት ያላለፈበት ጣራ ተፈተነ ማለት ስለማይቻል ደንቡ ለእኛ አገር የአየር ጠባይ እጅግ ተስማሚ ነው። ነገር ግን በዚያ ዓመት ውስጥ ሕንፃውን እየዞረ የሚያይና ጉድለቱን በጽሑፍ የሚያሳውቅ ሰው ካልተመደበ፣ ተቋራጩ መያዣውን ተቀብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ስንጥቁ የከተማው ነው። በቢቸናና በደጀን ዙሪያ እንዳለው ባለ መረሬ አካባቢ ደግሞ ስንጥቅ መምጣቱ አይቀርም፤ ጥቁሩ አፈር ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ላይ ደርቆ ይሰነጠቃል፣ መሠረቱን አብሮ ያነሣዋል፣ አብሮም ያወርደዋል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የጣራን ውኃ ከመሠረቱ አርቆ የሚወስድ ቦይ ከቀለምና ከመስተዋት በፊት ሊታሰብ የሚገባው ነው።

በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎችን ከፋብሪካዎችና ቁመታቸው ከ12 ሜትር ከሚበልጡት ጋር በምድብ «ሐ» ውስጥ አስቀምጧቸዋል፤ ጥብቅ ቁጥጥር ይገባቸዋል ማለት ነው። አካል ጉዳተኞች፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱትም ሳይቀሩ፣ የሚገቡበት መንገድና የሚጠቀሙበት መጸዳጃ እንዲኖር ይኸው አዋጅ አዟል። ከዚያ በኋላ በከተማችን በተሠራ አንድ የአገልግሎት መስጫ ሕንፃ ላይ መወጣጫው ተሠርቷል፤ ግን መጨረሻው ላይ አንድ ደረጃ አለው። ፈቃድ ሰጪው፣ አሠሪውና ተቆጣጣሪው በአንድ ግቢ ውስጥ ሲሠሩ ማን ማንን ያስተካክላል?

ከአዲሶቹ ሕንፃዎች ይልቅ ብዙ ሰው የሚኖርባቸው የሕዝብ ቤቶች የቀበሌ ቤቶች ናቸው፤ ስለ እነሱ ግን በጉባኤ ላይ ብዙም አይነሣም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ፣ ዝቅተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ፣ ወርኃዊ ኪራያቸው ከ100 ብር በላይ የሆኑት ደግሞ በኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት እንዲተዳደሩ ተደረገ። ኪራዩም በዚያው ጊዜ ተቀነሰ። በብዙ ከተሞች ከዚያ ወዲህ ብዙም አልተነካም፤ ዛሬ የአንድ ቤት የወር ኪራይ ለጣራ ምስማር እንኳ አይበቃም። ተከራዩ የማይጠግነው ቤቱ የእሱ ስላልሆነ ነው፤ ከተማው የማይጠግነው ገቢው ስለማይበቃው ነው። ኪራይ ይጨመር ማለት ድሆችን አስወጡ ማለት እንዳይሆን እፈራለሁ፤ ቢያንስ ግን ተከራዩ በራሱ ወጪ ማገርና ቆርቆሮ ሲቀይር ወጪው ከኪራዩ የሚታሰብለት መመሪያ ቢወጣ የብዙ ቤት ዕድሜ ይረዝም ነበር።

ወደ አካባቢ ጥበቃው ስንመጣ ነገሩ ከሕንፃው ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ቦዩን የሚደፍነው ቆሻሻ ነውና። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆኑ ፌስታሎችን ከልክሎ፣ የከተማ አስተዳደሮችን ደግሞ ደረጃውን የጠበቀ የቆሻሻ ማስወገጃ ቦታ እንዲያዘጋጁ ግዴታ ጥሎባቸው ነበር። ሰኔ ላይ የሚጠረግ ቦይ ውስጥ የሚገኘው አሁንም በአመዛኙ ፌስታል ነው። ማኅበራት በጋሪና በአይሱዙ ቆሻሻውን ከየቤቱ ይሰበስባሉ፤ የሚደፉት ግን አጥር በሌለው ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ከብት የሚጠጣው ወንዝ አለ። መጋቢት 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የቆሼ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ የቆሻሻ ቦታ ዕጣ የትንንሽ ከተሞችም ጉዳይ መሆኑን ያስተዋሉ ባለሙያዎች በእኛም ዘንድ ነበሩ፤ የጻፉት ማስታወሻ ግን ወደ ምክር ቤቱ አጀንዳ አልደረሰም።

ለዚህ አንድ ሥር የሰደደ ምክንያት አለ ብዬ አስባለሁ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ጥበቃ አካላት አዋጅ ቁጥር 295 የልማቱን ሥራ የሚሠራውና አካባቢን የሚጠብቀው ተለያይተው እንዲደራጁ ያዘዘው የጥቅም ግጭት እንዳይፈጠር ብሎ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 299ም የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ከፕሮጀክቱ በፊት እንዲካሄድ ይደነግጋል። በአንድ መለስተኛ ከተማ ግን ቄራውን የሚያስገነባው፣ የግምገማ ሰነዱን የሚያስጠናውና ሰነዱን የሚመረምረው ባለሙያ የአንድ ከንቲባ ሠራተኞች ናቸው። ባለሙያው «ይህ ቦታ ለወንዝ ይቀርባል» ብሎ ቢጽፍ ደብዳቤው የሚሄደው ቦታውን ወደ መረጠው አለቃው ነው። ስለዚህ የትልልቆቹ ሥራዎች ሰነድ በዞን ወይም በክልል ደረጃ እንዲመረመር ምክር ቤቱ ራሱ ቢጠይቅ መልካም ነው። ባሕር ዳርን ለመሰለ፣ ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ሪዘርቭነት (ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተጣጥሞ እንዲጠበቅ በሚከለል ቀጠናነት) በመዘገበው የጣና ሐይቅ ዳር ለተቀመጠ ከተማማ ነገሩ የበለጠ ይጠናል።

ችግኙን በተመለከተ ብዙ አልልም። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር እንተክላለን፤ ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ደግሞ ያልታጠረውን ልቅ የተለቀቀ ከብት ይጨርሰዋል፣ የቀረውን ፀሐይ ያደርቀዋል። በአዊ፣ በተለይም በፋግታ ለኮማ፣ ገበሬው የተከለው ዲከረንስ የተባለው የግራር ዓይነት ግን ኮረብታውን ሸፍኖት ነበር። ችግኙ ያው ችግኝ ነው፤ ገበሬው ከሰል አክስሎ ይሸጠው፣ መሬቱን ያድስበት፣ ስለዚህም ያጥረው ነበር። በከተማ አደባባይ የተተከለ ወይራ የሚጸድቀው ውኃ የሚያጠጣው ሰው በስሙ ተለይቶ ደመወዝ ሲከፈለው ነው፤ ይህም በችግኝ ማፍያው በጀት ውስጥ ሊካተት የሚችል ወጪ ነው።

ለቋሚ ኮሚቴው በጽሑፍ ያቀረብሁት ሐሳብ ይህን ሁሉ የሚጠቀልል አይደለም። ማንኛውም አዲስ ሕንፃ ወይም ቦይ ለበጀት ሲቀርብ የሚረከበው ጽሕፈት ቤት ስምና የዓመት የጥገና ወጪው አብሮ እንዲጻፍ፣ ካልተጻፈም እንዳይጸድቅ፤ ከመናኸሪያው ሱቆችና ከገበያ ሼዶች የሚገኘው ኪራይ የተወሰነ ክፍሉ ለጥገና ብቻ እንዲውል፤ አሮጌው የሀብት አስተዳደር ዕቅድም ከመደርደሪያ ወርዶ እንዲታደስ ጠይቄያለሁ። አንዳንድ አባላት የጥገናውን ድርሻ ተቃውመዋል፤ የጽዳት ሠራተኞች ደመወዝ በሚዘገይበት ወቅት ለአሸንዳ ገንዘብ ማስቀመጥ አይገባም የሚለው ክርክራቸው በቀላሉ የሚጣል አይደለምና ለሚቀጥለው ጉባኤ ተላልፏል። ዕቅዱን ማደስ ግን ተጀምሯል። ትምህርት ቤቶቹ፣ ጤና ጣቢያውና አዳራሹ ተመዝግበዋል፤ ቄራው በየትኛው ጽሕፈት ቤት ስም ይያዝ በሚለው ላይ ግን ማዘጋጃ ቤቱና የግብርና ጽሕፈት ቤቱ እስካሁን አልተስማሙም።