የኔ ይበልጣል

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ምንም ነገር ደስ አላለኝም፣ ምክንያትም የለው፣ ስልክ ማንሳትም አልፈለኩም። ትንሿ ልጄ እንደዚህ ስሆን ይገባታል መሰለኝ ሳትነዘንዘኝ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለች። ዝም ብለን ከምንተያይ ብዬ የመጫወቻ ሊጥ እንስራ አልኳት።

አሰራሩን ታውቁታላችሁ፣ ሁለት ኩባያ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ጨው፣ ትንሽ ዘይት፣ ከዛ ትኩስ ውሃ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ውሃውን እኔ ጨምሬ አማሰልኩና በረድ ሲል ለሷ ለቀቅኩላት። ጨው የሚበዛው ሊጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ነው፣ ግን ብዙ ከተዋጠ ህፃንንም ውሻንም ክፉኛ ይጎዳል፣ ስለዚህ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ የሚከት ልጅ ካላችሁ ዓይናችሁን እንዳትነቅሉ።

መጀመሪያ በአንድ ጣቷ ጫፍ ነካችው። ከዛ ሙሉ እጇን ከተተችና ሲጣበቅባት ፊቷን ጭምድድ አድርጋ ጣቶቿን ዘርግታ ቆመች፣ አሁን አጥቢልኝ ልትለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ ትንሽ አሰብ አደረገችና መልሳ ከተተችው። ይቺን መልሳ መክተቷን እንዴት እንደምወዳት! ማንም ሳያባብላት የሚቀፋትን ነገር ራሷ ሞክራ ራሷ ወሰነች። መልሶ የማይከት ልጅም አለ፣ እሱም ደግ ነው፣ በማንኪያ ይጀምር ወይ ሊጡን ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁለት ከውጭ ይጭመቀው፣ እጁን ይዞ አስገድዶ ማስነካት ግን በፍፁም አልወድም።

እና እየጨመቀች፣ እየበጠሰች፣ እየደበደበች ጥሩ ሰዓት ቆየን፣ ምንም አልሰራችም፣ ምንም። ከዛ እህቴ ገባችና "ውይ የኔ ቆንጆ፣ ምንድነው እሱ? ዝሆን ነው?" አለቻት። ትንሿ ሊጡን አየችው፣ እህቴን አየቻት፣ "አዎ" አለች። ከዛች ደቂቃ በኋላ ዝሆን ሆነ በቃ፣ ኩምቢ ምናምን ማበጀት ጀመረች። እህቴ በፍቅር እንደጠየቀች አውቃለሁ፣ ግን ቅር አለኝ። በዚህ እድሜ ያለ ልጅ አስቦ ሳይሆን ሰርቶ ነው ስም የሚያወጣው፣ አንዳንዴም ጭራሽ ስም አያስፈልገውም፣ መጭመቁ ራሱ ነው ስራው። እኛ ትልልቆቹ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ ቶሎ ካላወቅን እረፍት የለንም። ፕሌይዶ የሚባለው የፋብሪካ የመጫወቻ ሊጥ ራሱ መጀመሪያ የተሰራው ከሰል የሚነድባቸው ቤቶች ውስጥ የግድግዳ ወረቀት ላይ የሚለጠፈውን ጥላሸት ለማፅዳት ነበር፣ አሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ያለ የሳሙና ፋብሪካ ነበር የሚያመርተው፣ እና ለዓመታት በቃ ማፅጃ ነበር። ማሞቂያው ወደ ጋዝ ሲዞር፣ በውሃ የሚታጠብ የግድግዳ ወረቀት ሲመጣ ገበያው ወደቀ፣ ከዛ ኬይ ዙፎል የምትባል የህፃናት መምህርት ለተማሪዎቿ ሰጠቻቸውና የሆነው ሆነ፣ በፈረንጆቹ 1956 መጫወቻ ሆኖ ወጣ። ምን እንደሚደረግበት በእጃቸው ያሳዩት ልጆቹ ናቸው ማለት ነው።

ዛሬ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው ዝሆኑም አይደለም። ዝሆኑን አፍርሳ "እንካፈል" አለችኝ። ሁለት ድቡልቡል አደረግን፣ አስተያየቻቸውና ከኔ ቆንጠር አድርጋ ወደራሷ ጨመረች፣ "አሁን እኩል ነው" አለች፣ እውነትም እኩል ነበሩ። ከዛ የራሷን ጠረጴዛው ላይ እያንከባለለች ረጅም እባብ አደረገችውና "የኔ ይበልጣል!" አለች። ጨመርሽበት እንዴ? ስላት "አይ፣ ግን ይበልጣል።" መልሼ ባድቦለብለውስ? "እኩል ይሆናላ።" ፍርጥም ብላ፣ ምንም ግራ አልገባትም።

ይሄን ስዊዘርላንዳዊው የስነ ልቦና ተመራማሪ ፒያዤ ልክ እንደዚሁ በጭቃ ድቡልቡል ልጆችን እየጠየቀ ያየው ነገር ነው፣ እስከ ስድስት ሰባት ዓመት ገደማ ብዙ ልጆች ረዘመ ማለት በዛ ማለት ይመስላቸዋል። አንብቤው አውቃለሁ፣ ግን የራስሽ ልጅ ዓይን ዓይንሽን እያየች ስትነግርሽ ሌላ ነው። ላርማት ፈልጌ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፣ ተውኩት። ብነግራት ቃሌን ትደግምልኝ ነበር እንጂ ምን ይቀየራል?

ከዛ ወዲህ የማስበው ግን እጇን ነው። እባቡን ያንከባለለችው ራሷ ናት፣ ከየትም ቅንጣት ሊጥ አልመጣም፣ መዳፏ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እዛው ላይ ነበር። ዓይኗ ነው ረዘመ ያላት፣ እሷም ዓይኗን አመነች። በፈረንጆቹ 1969 የታተመ አንድ ጥናት አለ፣ ሜክሲኮ ውስጥ የሸክላ ሰሪ ልጆችን ከሌሎች እኩዮቻቸው ጋር አወዳድሮ፣ የጭቃው መጠን ቅርፁ ቢቀየርም እንደማይቀየር መረዳቱ የሸክላ ሰሪዎቹ ልጆች ላይ በዝቶ ነው የተገኘው። ይሄን ሳስብ ልቤ ይመታል በእውነት። እጃቸው ቀድሞ አውቆ ነው ማለት ነው? ወይስ እናት አባታቸው ሲሰሩ እያዩ፣ ስለ ጭቃው ሲያወሩ እየሰሙ ነው?

የኔዋም አንድ ቀን እባቡን አይታ "ያው ነው እኮ" ማለቷ አይቀርም፣ ያኔ እንዴት አወቅሽ ብላት ምን ትለኝ ይሆን? ሊጥ የሚባል ነገር ነክታ ባታውቅስ ኖሮ፣ እድሜዋ ሲደርስ ያው ይገባት ነበር?